ምርጫው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ይጀምራል

በአነስተኛ ዋጋ ዲስክ ማጫወቻ ሊገዛ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ካርቶኑን ነው። ካርቶኑ ላይ በትልልቁ የሚጻፈው ደግሞ ስለ ምስል ጥራት ነው። እኔ ግን ለራሴም ሆነ ለሚያማክሩኝ ዘመዶችና ወዳጆች ይህን መሣሪያ ስመርጥ ቆይቼ የያዝኩት እምነት ሌላ ነው። ገንዘቡ የተወሰነ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ ማጫወቻው ቤት ውስጥ ያሉትን ዲስኮች ሳይመርጥ ያነባል ወይ፣ ያነበበውንስ ቤት ውስጥ ላለው ቴሌቪዥን ማድረስ ይችላል ወይ ብሎ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከተሟሉ በርካሽ የተገዛው ማጫወቻ ዓመታት ያገለግላል፤ ካልተሟሉ ግን ውዱም ቢሆን የመደርደሪያ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ዲስክ በዚህ ዘመን ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። በኢንተርኔት የሚታይ ፊልም የሚታየው መስመሩ እስካለና አቅራቢው ፊልሙን በዝርዝሩ ውስጥ እስካቆየው ድረስ ነው፤ የመብት ውሉ ሲያበቃ ፊልሙ ከዝርዝሩ ይነሣል። በእጅ ያለ ዲስክ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ከዚህም በላይ በብዙ ቤት የሚገኙት ዲስኮች ከሱቅ የተገዙ ፊልሞች ብቻ አይደሉም። ሰርግ፣ ምረቃ፣ የልጆች ልደት፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ወላጆች መልክና ድምፅ የተቀረጸባቸው፣ ከአንድ በላይ ቅጂ የሌላቸው ዲስኮች አሉ። እነዚህን በምንም ዋጋ እንደገና መግዛት አይቻልም። ስለ ማጫወቻ ሳስብ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የሚመጡት እነሱ ናቸው፤ በኋላ እንደማስረዳው ለማጫወቻ ይበልጥ የሚያስቸግሩትም እነሱው ናቸው።

እንግዲህ ስለ ዋጋ ከማሰብ በፊት ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጎ፣ በስልክ መብራትም ቢሆን፣ ጀርባውን ማየት ይገባል። በቆዩ ቴሌቪዥኖች ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ቀለበት ያላቸው ሦስት ክብ መሰኪያዎች ይገኛሉ፤ ቢጫው ምስሉን፣ ነጩ የግራውን፣ ቀዩ የቀኙን ድምፅ ይቀበላል። በአዳዲሶቹ ላይ ደግሞ ጠፍጣፋ፣ ከታች በኩል ሁለቱ ማዕዘኖቹ ገባ ያሉ መሰኪያ አለ፤ አጠገቡ ኤችዲኤምአይ የሚል ጽሑፍ ታትሞበታል። በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜ የተሠሩት ሁለቱንም ይዘዋል። አንዳንድ ስስ ቴሌቪዥኖች ሦስቱን ባለ ቀለም መሰኪያዎች ትተው በምትካቸው እንደ ጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያለች አንዲት ትንሽ ክብ ቀዳዳ ያስቀምጣሉ። ለእሷ የሚሆነው አጭር ማገናኛ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር በካርቶኑ ውስጥ ይመጣና ብዙ ጊዜ ከካርቶኑ ጋር ይጠፋል። የገመዱ የውስጥ አሠራር ከአምራች አምራች ስለሚለያይ የሌላውን ሰክቶ ምስሉ ቢጠፋ ወይም ድምፁ ቢንጫጫ ጥፋቱ የማጫወቻው ላይሆን ይችላል።

ይህን ማየት የሚያስፈልግበት ብርቱ ምክንያት አለ። ብሉ ሬይ የሚባሉትን፣ ከዲቪዲ በኋላ የመጡትን ዲስኮች ከመገልበጥ የሚጠብቀው ስርዓት የፈቃድ ውል፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2013 መጨረሻ በኋላ የሚሠሩ ማጫወቻዎች የእነዚህን ዲስኮች ምስል በአናሎግ ገመድ፣ ማለትም እንደ ቢጫው ባለው፣ እንዳያወጡ ከልክሏል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ አዲስ ብሉ ሬይ ማጫወቻ ቢጫ መሰኪያ ላለው ብቻ ቴሌቪዥን ፈጽሞ አይሆንም። ወፍራሙን የጥንቱን ቴሌቪዥን የያዘ ሰው ያለ ብዙ ማሰላሰል ባለ ሦስት ቀለም መውጫ ዲቪዲ ማጫወቻ ይግዛ፤ ለዚያ ስክሪን ከዚያ በላይ የሚጨምርለት ነገር የለም። በተቃራኒው አዲስ ቴሌቪዥን ያለው ሰው በጣም ርካሽ ከሆኑት ዲቪዲ ማጫወቻዎች መካከል ኤችዲኤምአይ የሌላቸው እንዳሉ ማወቅ አለበት። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ትንሽ ነው፤ በምስሉ ላይ ያለው ልዩነት ግን በግልጽ ይታያል። በቢጫው ገመድ የሚሄደው ምስል ብርሃኑና ቀለሙ በአንድ ሽቦ ውስጥ ተደባልቀው ስለሚጓዙ፣ ቴሌቪዥኑ መልሶ ሲለያያቸው ስህተት ይፈጠራል። ቀጫጭን መስመር ያለው ሸሚዝ የለበሰ ሰው ሲታይ በሸሚዙ ላይ የሚሮጥ የቀስተ ደመና ቀለም፣ በቀይ ጽሑፍ ጠርዝ ላይ የሚርመሰመሱ ነጥቦች የሚመጡት ከዚህ ነው። በኤችዲኤምአይ ሲሄድ ይህ ሁሉ የለም። አንድ ሰው በአነስተኛ ገንዘብ በዲቪዲ ምስሉ ላይ ሊያመጣው የሚችለው ትልቁ ለውጥ ይኸው የገመድ ለውጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ገመዱም ውድ መሆን የለበትም፤ ለአጭር ርቀት ማንኛውም ደህና የተሠራ የኤችዲኤምአይ ገመድ የሚያስተላልፈው ያንኑ መረጃ ነው።

ስለ ዲስኮቹ ዓይነት ጥቂት ቁጥሮች ማስታወስ ምርጫውን ያቀልላል። ሲዲ፣ ዲቪዲና ብሉ ሬይ ሦስቱም ስፋታቸው 12 ሴንቲሜትር፣ ውፍረታቸው 1.2 ሚሊሜትር ነው፤ ልዩነቱ መረጃው በተጻፈበት ጥግግትና በሚያነበው ብርሃን ላይ ነው። የሲዲ ሌዘር የሞገድ ርዝመቱ 780 ናኖሜትር ሲሆን ለዓይን የማይታይ ነው፤ የዲቪዲው 650 ናኖሜትር፣ ቀይ ነው፤ የብሉ ሬዩ 405 ናኖሜትር፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ ነው። ሞገዱ ባጠረ መጠን ብርሃኑ ይበልጥ ደቃቅ የሆነውን ምልክት መለየት ይችላል። ለዚህ ነው በ1996 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው ዲቪዲ በአንድ ንብርብር 4.7 ጊጋባይት ሲይዝ፣ በ2006 የመጣው ብሉ ሬይ 25 ጊጋባይት የሚይዘው። በ2016 ደግሞ እስከ 100 ጊጋባይት የሚይዘው አልትራ ኤችዲ ብሉ ሬይ፣ በተለምዶ አራት ኬ የሚባለው፣ ወጣ።

ወደ ስክሪኑ ስንመጣ፣ በአውሮፓና በብዙ የአፍሪካ አገሮች በሚሠራበት ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ስርዓት የተዘጋጀ ዲቪዲ አንዱ ምስሉ 720 በ576 ነጥብ ነው። ብሉ ሬዩ 1920 በ1080 ሲሆን የነጥቦቹ ብዛት የዲቪዲውን አምስት እጥፍ ይሆናል፤ አራት ኬው ደግሞ ሃያ እጥፍ ነው። ይህ በወረቀት ላይ እጅግ የተራራቀ ይመስላል፤ ዓይን ግን የሚያየው ከተቀመጠበት ርቀት ነው። ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥንን ከሦስት ሜትር ርቀት የሚመለከት ሰው በዲቪዲና በብሉ ሬይ መካከል ያለውን ልዩነት ቢያይ እንኳ እምብዛም አይገርመውም፤ በብሉ ሬይና በአራት ኬ መካከል ያለውን ደግሞ ከዚያ ርቀት መለየት አይችልም። ባለ 55 ኢንች ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። በትልቅ ስክሪን ላይ ዲቪዲ ሲታይ የሰው ፊት ከቅርብ ሲቀረጽ ደህና ነው፤ ብዙ ሕዝብ ወይም ቅጠላማ ጫካ ከሩቅ ሲታይ ግን ሁሉም ነገር ይደበዝዛል።

«አራት ኬ ማሳደጊያ» የሚለው የካርቶን ጽሑፍ ብዙ ገዢን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ትንሹን ምስል ወደ ትልቁ ስክሪን ማሳደግ የግድ ነው፤ አለዚያ ምስሉ በስክሪኑ መካከል እንደ ፖስታ ቴምብር ይቀመጣል። ይህን ሥራ ግን ማጫወቻው ባይሠራው ቴሌቪዥኑ ራሱ ይሠራዋል፤ በአንድ ጥሩ ቴሌቪዥን ውስጥ ያለው ምስል አቀናባሪ ደግሞ በአነስተኛ ዋጋ ማጫወቻ ውስጥ ካለው ብዙውን ጊዜ የተሻለ ነው። ማሳደግ በዲስኩ ላይ ያልነበረ ዝርዝር አይፈጥርም፤ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ክፍተት በግምት ይሞላል እንጂ። ስለዚህ ለዚህ ጽሑፍ ሲባል ተጨማሪ ገንዘብ መክፈልን አልመክርም። ይልቅ ትኩረት የሚገባው ሌላ ጉዳይ አለ። ብዙ ዲቪዲዎች ምስሉን የሚያስቀምጡት አንዱን መስመር ዘለው አንዱን እያነሡ በሁለት ግማሽ ከፍለው ነው፤ ማጫወቻው ወይም ቴሌቪዥኑ ሁለቱን ግማሾች መልሶ መግጠም አለበት። ሥራው በደንብ ካልተሠራ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። የአጥር ብረት፣ የደረጃ መደገፊያ፣ በፊልሙ መጨረሻ ወደ ላይ የሚወጣው የስም ዝርዝር ይህን ወዲያውኑ ያጋልጣሉ። ሻጩ ማጫወቻውን ለማሳየት ፈቃደኛ ከሆነ እኔ የማየው የፊልሙን ድንቅ ትዕይንት ሳይሆን ይህን የስም ዝርዝር ነው።

ታዲያ የትኛው ይገዛ? የእኔ ፍርድ የሚከተለው ነው። ቴሌቪዥኑ ኤችዲኤምአይ ካለው፣ ስክሪኑ ከ40 ኢንች በላይ ከሆነና ገንዘቡ ከደረሰ፣ ተራ ብሉ ሬይ ማጫወቻ የተሻለው ግዢ ነው። በገበያ ላይ ያሉት ብሉ ሬይ ማጫወቻዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ዲቪዲን ያነባሉ፤ ሲዲንም አብዛኞቹ ያነባሉ፤ ዲቪዲ ማጫወቻ ግን ብሉ ሬይን በምንም መንገድ አያነብም፤ ሰማያዊው ሌዘር የለውማ። ምንም ብሉ ሬይ ዲስክ የሌለውና ሊገዛም የማያስብ ሰው ግን ባለ ኤችዲኤምአይ ዲቪዲ ማጫወቻ ይበቃዋል፤ በዚህ ሊያፍር አይገባም፤ ማንም ቢሆን በሌለው ዲስክ ምክንያት ገንዘብ እንዲያወጣ አልፈልግም። አራት ኬ ማጫወቻ የሚገባው ቴሌቪዥኑ አራት ኬ ሆኖ፣ ሰፊ የብርሃን መጠን (ኤችዲአር) የሚባለውን ምስል በእውነት ማሳየት ሲችልና ባለቤቱ እነዚያን ዲስኮች ለመሰብሰብ ሲያስብ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የገበያው መጥበብ አለ። ኦፖ በ2018 ማጫወቻ መሥራቱን አቆመ፤ ሳምሰንግ በ2019 ተከተለ፤ ኤልጂም በ2024 ከዚህ ሥራ ወጣ። ሶኒና ፓናሶኒክ አሁንም በመስኩ የሚታወቁ ስሞች ናቸው። ይህ መጥበብ ለርካሽ ገዢ ሁለት ፊት አለው፤ አዲሱ ምርጫ ይቀንሳል፤ ያገለገሉ ጥሩ ማጫወቻዎች ግን ከየቤቱ እየወጡ በዝቅተኛ ዋጋ ይሸጣሉ። የጨዋታ መሣሪያ ያለው ሰውም ሌላ ማጫወቻ ከመግዛቱ በፊት የያዘውን ይመርምር። ፕሌይስቴሽን 3 ብሉ ሬይ ያነባል፤ ባለ ዲስኩ ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ዋን ኤስ አራት ኬውንም ያነባሉ። ፕሌይስቴሽን 4ም ሆነ 5 ግን የሙዚቃ ሲዲ አያጫውቱም፤ የዘፈን ሲዲ ላከማቸ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

አሁን ወደ ዲስኮቹ ልመለስ፤ ብዙው ጣጣ ያለው እዚያ ነውና። በፋብሪካ የታተመ ዲቪዲና በቤት ወይም በቪዲዮ ቤት የተቀዳ ዲቪዲ ለዓይን ቢመሳሰሉም ለሌዘሩ የተለያዩ ናቸው። በታተመው ዲስክ ላይ ምልክቶቹ በፕላስቲኩ ላይ የተጨፈለቁ ጥቃቅን ጉድጓዶች ሲሆኑ፣ በተቀዳው ላይ ግን ሌዘር በቀለም ንብርብር ላይ አቃጥሎ ያስቀራቸው ጠባሳዎች ናቸው። ባለ አንድ ንብርብር የታተመ ዲስክ ከሚያርፍበት ብርሃን ከ45 እስከ 85 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ እየጠፋ በተደጋጋሚ የሚጻፍበት ዓይነት ግን የሚመልሰው ከ18 እስከ 30 በመቶ ብቻ ነው። የደከመ ወይም በርካሽ የተሠራ ሌዘር ይህን የደበዘዘ ብርሃን ሲያጣ «ዲስክ የለም» ይላል፤ ባለቤቱም ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎ ያዝናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ዲስኩ ደህና ነው። የሰርግ ዲስኩ አልነበብ ያለው ሰው ተስፋ ከመቁረጡ በፊት በሌላ ማጫወቻ፣ ከሁሉም በላይ በኮምፒውተር ማንበቢያ ይሞክር።

የተቀዳ ዲስክን ከታች በኩል በብርሃን አዘንብሎ ማየት ብዙ ይናገራል። የተጻፈበት ክፍል ካልተጻፈበት ለየት ያለ ጥላ አለው፤ ከመሃል ተነሥቶ ወደ ውጭ የሚሰፋ፣ ጠርዙ ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። ቀለበቱ እያለ ማጫወቻው ባዶ ነው ካለ፣ አንዱ ምክንያት ዲስኩ ሲቀዳ በአግባቡ አለመዘጋቱ፣ ባለሙያዎቹ «ፋይናላይዝ» አለመደረጉ የሚሉት ነው። እንዲህ ያለው ዲስክ የሚነበበው ብዙ ጊዜ በቀዳው መሣሪያ ላይ ብቻ ነው፤ የቀዳው መሣሪያ ካለ እዚያው አስገብቶ መዝጋት ይቻላል። ከዚህ ሌላ በተቀዱ ዲስኮች ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያላቸው ሁለት ወገኖች አሉ፤ የዛሬ ማጫወቻዎች አብዛኞቹ ሁለቱንም ያነባሉ፤ የቆዩት ግን አንዱን ወገን ሊገፉ ይችላሉ። ማጫወቻ ስገዛ የቤቴን አስቸጋሪ ዲስኮች ይዤ የምሄደው ለዚህ ነው። ሻጭ ለማሳያ የሚያስገባው አዲስና ንጹሕ ዲስክ ስለ ማጫወቻው ብዙም አይናገርም፤ የእኔ የተቧጨረውና ከዓመታት በፊት የተቀዳው ዲስክ ግን እውነቱን ያወጣዋል።

ከፋብሪካ በሚወጡት ዲስኮች ላይ ያለው እንቅፋት ደግሞ የክልል ቁጥር ነው። ፊልም አምራቾች ዓለምን በዲቪዲ ስድስት ክልል አድርገው ከፍለዋል፤ አሜሪካና ካናዳ 1፣ አውሮፓና ጃፓን 2፣ አብዛኛው አፍሪካ ከሕንድና ከሩሲያ ጋር 5 ነው። በዲስኩ ማሸጊያ ጀርባ ላይ ባለች ትንሽ የመሬት ሉል ሥዕል ውስጥ ቁጥሩ ይጻፋል። በብሉ ሬይ ክፍፍሉ ሦስት ሲሆን በፊደል ነው፤ አፍሪካና አውሮፓ በአንድነት ቢ ውስጥ ናቸው። አራት ኬ ዲስክ ክልል የለውም፤ ይህ ከተሻሻሉት ነገሮች ሁሉ ደስ የሚለኝ ነው። ዘመዶቹ ከተለያየ አገር ዲስክ የሚልኩለት ሰው ለዲቪዲ ሁሉንም ክልል የሚያነብ ማጫወቻ መጠየቅ አለበት፤ በርካሾቹ ዘንድ ይህ ብርቅ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የተገዛ ማጫወቻ ስጦታ ሆኖ ሲመጣ ግን ሦስት ነገር ይታይ፤ የክልል ቁጥሩ፣ ፓል የሚባለውን ስርዓት መቀበሉና የኤሌክትሪኩ መጠን። ጀርባው ላይ «100–240 ቮልት» ካለ የትም ይሠራል፤ «120 ቮልት» ብቻ ካለ በ220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል።

ዩኤስቢ መሰኪያ ያለው ማጫወቻ ከፍላሽ ላይ ፊልም ያሳያል መባሉ እውነት ነው፤ ሆኖም የትኛውን ፋይል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ርካሽ ዲቪዲ ማጫወቻዎች አብዛኞቹ የሚያውቁት ቪዲዮን አሳንሶ የሚያስቀምጠውን የቆየውን የዲቪክስ ዘመን አሠራር ነው፤ ዛሬ ከስልክና ከኢንተርኔት የሚገኘው ኤች 264 የተባለው ሲሰጣቸው «የማይደገፍ ፋይል» ይላሉ። ብሉ ሬይ ማጫወቻዎች ግን ለዲስካቸውም ሲሉ ይህን ያውቁታል። ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ስርዓት የተዘጋጀ መሆን ሊኖርበት ይችላል፤ በዚያ ስርዓት ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይገባም። ስሙ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ፋይል በብዙዎቹ ላይ ባዶ ሳጥኖች ሆኖ ይታያል፤ በላቲን ፊደል ስም ሰጥቶ ማለፍ ይሻላል። በዚህ ላይ ከዚህ በላይ መድከም አያስፈልግም፤ አዲስ ቴሌቪዥን ካለ ፍላሹን በቀጥታ እሱ ላይ መሰካት ይቀልላል።

ድምፅን በተመለከተ፣ በዲቪዲ ላይ ያለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ዶልቢ ዲጂታል በሚባለው ስልት የተቀረጸ ነው፤ አንዳንዱ ዲስክ ዲቲኤስ የተባለውን ሌላ ስልትም ይጨምራል። ቴሌቪዥኖች ዲቲኤስን ሁልጊዜ አይረዱትም። ስለዚህ ምስል እየታየ ድምፅ የጠፋበት ሰው ማጫወቻውን ከመክሰሱ በፊት በድምፅ ማስተካከያው ውስጥ «ፒሲኤም» የሚለውን ይምረጥ፤ ያኔ ማጫወቻው ራሱ ተርጉሞ ቴሌቪዥኑ በሚያውቀው መልክ ይልክለታል። የስስ ቴሌቪዥኖች ስፒከር ደካማ ስለሆነ ንግግሩ በሙዚቃው ይዋጣል፤ ከማጫወቻው ገንዘብ ተርፎ ለአንድ ጥንድ ደህና ስፒከር ቢውል ማታ ማታ ቤተሰቡ የሚሰማው ልዩነት የትኛውም የምስል ማሳደጊያ ከሚያመጣው ይበልጣል።

ያገለገለ ማጫወቻ ለመግዛት ለወሰነ ሰው የምሰጠው ምክር ረዘም ይላል፤ ብዙ የሚቆጠብ ገንዘብም ብዙ የተደበቀ ችግርም ያለው እዚያ ነው። ሪሞቱ አብሮ መኖሩ የመጀመሪያው ነው። የብዙ ማጫወቻዎች ፊት ላይ ያለው ቁልፍ መክፈቻ፣ ማጫወቻና ማቆሚያ ብቻ ነው፤ ያለ ሪሞት ማስተካከያው ውስጥ መግባት፣ የግርጌ ጽሑፍ መምረጥ፣ አንዳንዴም የዲስኩን ማውጫ አልፎ ፊልሙን ማስጀመር አይቻልም። ከዚያ የዲስክ መሳቢያው ደጋግሞ ይከፈት፣ ይዘጋ። ወጥቶ ግማሽ መንገድ ላይ የሚያመነታ ወይም እንደተዘጋ መልሶ የሚከፈት ከሆነ ውስጡ ያለችው የጎማ ቀበቶ ላልታለች፤ ይህ በትንሽ ወጪ ይጠገናል። ሌዘሩ የደከመ እንደሆነ ግን ጥገናው የማጫወቻውን የራሱን ዋጋ ያህል ሊያወጣ ይችላል።

የሌዘሩን ጤና የምፈትነው በረጅም ፊልም ነው። ረጃጅም ፊልሞች የሚገኙት 8.5 ጊጋባይት በሚይዝ ባለ ሁለት ንብርብር ዲቪዲ ላይ ነው፤ ፊልሙ መሃል አካባቢ ሲደርስ ሌዘሩ ከአንዱ ንብርብር ወደ ሌላው ትኩረቱን ያዛውራል። በዚያች ቅጽበት ምስሉ ለሰከንድ ክፋይ ቆም ይላል፤ ጆሮን ወደ ማጫወቻው ጠጋ ላደረገ ሰው ከውስጥ አንዲት ቀጭን የ«ጭቅ» ድምፅ ትሰማለች። ጤነኛው ማጫወቻ ወዲያው ይቀጥላል። የደከመው ግን እዚያ ላይ ይንተባተባል፤ ሌንሱ ወደ ላይና ወደ ታች ሲፈልግ የመቧጠጥ ድምፅ ያሰማል፤ አንዳንዴም ተስፋ ቆርጦ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ስለዚህ ሻጩ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ሲያሳይ ብቻ አይቶ መርካት አይገባም፤ ምዕራፍ እየዘለሉ ወደ መሃል፣ ከዚያም ወደ መጨረሻው መሄድ ነው። የመጀመሪያው ንብርብር የሚነበበው ከዲስኩ መሃል ወደ ጠርዙ፣ ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጠርዙ ወደ መሃሉ ነውና፣ በፊልሙ አጋማሽ አካባቢ በጠርዙ ላይ ያለው መረጃ ማንኛውንም የሚንቀጠቀጥ ሞተር ያጋልጣል።

ያገለገለ ብሉ ሬይ ሲሆን አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። የዲስኮቹ መክፈቻ ቁልፎች በየጊዜው ስለሚታደሱ፣ የውስጥ ፕሮግራሙ ለዓመታት ያልታደሰ ማጫወቻ አዲስ ፊልም አልከፍትም ሊል ይችላል። አምራቹ ለዚያ ሞዴል ያወጣው ማደሻ ካለ በኢንተርኔት ወይም በፍላሽ ይጫናል፤ ከመግዛት በፊት የሞዴሉን ቁጥር ይዞ በአምራቹ ገጽ ላይ መፈለግ ነው። በውስጡ ያሉት የኢንተርኔት ፊልም መተግበሪያዎች ግን አርጅተው የማይሠሩ ከሆኑ አያሳዝኑ፤ የማጫወቻው ዋና ሥራ እነሱ አይደሉም።

ማጫወቻው ቤት ከገባ በኋላ በመጀመሪያው ምሽት መደረግ ያለበት አንድ ነገር አለ። ብዙዎቹ ርካሽ ዲቪዲ ማጫወቻዎች ከፋብሪካ ሲወጡ የስክሪኑ ቅርጽ «4 ለ 3» ተብሎ ለጥንቱ ቴሌቪዥን ተስተካክለው ነው። ሰፊ ቴሌቪዥን ላይ ሳይቀየሩ ሲሰኩ ምስሉ ከላይም ከታችም፣ ከግራም ከቀኝም ጥቁር ዙሪያ ያለው ትንሽ ሥዕል ይሆናል ወይም የሰዎቹ ፊት ወደ ጎን ይለጠጣል። በማስተካከያው ውስጥ «16 ለ 9» የሚለውን መምረጥ ብቻ ይበቃል። በዚህ ምክንያት ማጫወቻውን ለሻጩ ሊመልሱ የተነሡ ሰዎች አውቃለሁ።

ዲስክ ሲቆሽሽ የሚጠረገው በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ ባለ መስመር ነው፤ በክብ መጥረግ ጭረቱ የመረጃውን መንገድ ተከትሎ እንዲሄድ ስለሚያደርገው ማጫወቻው ስህተቱን ማረም ያቅተዋል። ማጫወቻው ራሱ ዙሪያው አየር የሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ፤ በላዩ ላይ ምንም አይጫንበት። ሽፋኑን ከፍቶ እየሠራ ያለውን ሌንስ መመልከት ለዓይን አደገኛ ነው፤ ማጽዳት ካስፈለገ ከኤሌክትሪክ ነቅሎ ነው። ዋስትና ያለው ማጫወቻ የገዛ ሰው ደግሞ በዋስትናው ጊዜ ውስጥ ቤት ያሉትን ዲስኮች ሁሉ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ቅጂ ብቻ ያላቸውን፣ እስከ መጨረሻቸው ያጫውት፤ አልነበብ የሚል ከተገኘ ማጫወቻውን መለወጥ የሚቻለው ያን ጊዜ ነው። የተነበቡትንም በዚያው አጋጣሚ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው፤ የተቀዳ ዲስክ ቀለም ከዓመታት በኋላ እየደበዘዘ ይሄዳልና።